ግማሽ ገጽ ቡና፦ ዳይሬክተር ከቀረፃ በፊት ስክሪፕቱን ምን ያደርገዋል?

ለማስረዳት እንዲመቸኝ አንድ አጭር ትዕይንት ጽፌያለሁ። ጥሩ ትዕይንት አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው። ጠረጴዛችን ላይ የሚወድቀው ስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል።

ትዕይንት 14። ውስጥ። የወይዘሮ ዘነቡ ሳሎን። ማታ።
ዘነቡ ቡና እየቆሉ ነው። በሩ ይንኳኳል። ሰላም ሻንጣ ይዛ ትገባለች። ቤሩት ያሳለፈቻቸውን ሦስት የመከራ ዓመታት እያስታወሰች እናቷን ታያለች።
ዘነቡ፦ መጣሽ?
ሰላም፦ መጣሁ እማዬ።
ዘነቡ፦ ሳትደውዪ?
ሰላም፦ ስልኬ ተበላሽቶ ነው።
ዘነቡ፦ ቁጭ በይ። ቡናው ሊደርስ ነው።
ቡና ይጠጣሉ። ሰላም ታለቅሳለች።

ጮክ ብሎ ላነበበው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ፕሮዲዩሰሩ «አንድ ቤት፣ ሁለት ሰው፣ ወጪ የለውም» ብሎ ያልፈዋል። ሰላምን የምትጫወተው ልጅ ንግግሯን ቆጥራ ሁለት መስመር ብቻ በማግኘቷ ቅር ይላታል። ዳይሬክተሩ ግን ካሜራ ሳይከራይ፣ ተዋናይ ሳይመርጥ፣ እዚህች ግማሽ ገጽ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ሊቀመጥ ይችላል። ምን ሲያደርግ?

በትያትር ቤት አማርኛ ዳይሬክተር «አዘጋጅ» ነው የሚባለው። ፖስተር ላይም «ድርሰትና ዝግጅት» ብለን እንጽፋለን። ዳይሬክተር ስንል ብዙ ሰው የሚታየው ካሜራ አጠገብ ቆሞ «አክሽን!» የሚል ሰው ነው። አዘጋጅ የሚለው ቃል ግን ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ ይዟል፤ ትልቁም ሥራ ያለው እዚያ ነው። ወረቀት ላይ የተሳሳተ ሰው ላጲስ ያነሣል። ቀረፃ ላይ የተሳሳተ ግን ሃያና ሠላሳ ሰው አቁሞ፣ የመብራቱና የካሜራው ኪራይ እየቆጠረበት ነው የሚያስበው።

ሥራው የሚጀምረው በንባብ ነው፤ ያለ እስክሪብቶ በሚደረግ ንባብ። ስልክ ይዘጋል፣ ስክሪፕቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ቁጭታ ይነበባል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተመልካቹ ፊልሙን አንድ ጊዜ ነው የሚያየው። ዳይሬክተሩ እንደ ተመልካች መሆን የሚችለው በዚህ አንድ ንባብ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ላይ መጨረሻውን ያውቀዋል። ሲጨርስ የት እንደሰለቸው፣ የት እንደተደናገረ፣ የት ደረቱ ላይ የሆነ ነገር እንደተሰማው በሁለት በሦስት መስመር ይጽፋል። ይህች ወረቀት መጥፋት የለባትም። ከስምንት ወር በኋላ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት መስሎ ሲታየው ያቺ የመጀመሪያ ስሜቱ ናት መንገዱን የምትመልሰው።

እኛ አገር እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ድርሰቱም ዝግጅቱም የአንድ ሰው የሚሆንበት ፊልም ብዙ ነው። ይህ በራሱ ጥፋት የለውም። ግን የጻፈው ሰው የመጀመሪያ ንባብ የሚባል ነገር የለውም፤ ወረቀቱ ላይ የሌለውንም ጭንቅላቱ ውስጥ ስላለ ያነበዋል። እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ስክሪፕቱን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ ጮክ ብሎ ሲያነብ መስማት። አንባቢው የሚደናቀፍበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይደረግበታል።

አሁን እስክሪብቶ ይነሣ።

መጀመሪያ የሚታደነው ካሜራ ሊያየው የማይችል ነገር ነው። «ሦስት የመከራ ዓመታት እያስታወሰች።» እሺ፣ ተዋናይዋ ምን ታድርግ? ግንባሯን ታኮማትር? ካሜራ ትዝታ አያነሣም፤ የሚያነሣው ፊት፣ እጅ፣ ዕቃ፣ ርቀት ነው። ቀላሉ መውጫ ወደ ቤሩት የሚመልስ የትዝታ ትዕይንት መቅረጽ ነው፤ ገንዘብ ይበላል፣ ብዙ ጊዜም ስንፍና ነው። ሌላው መንገድ ያ ሦስት ዓመት ሰውነቷ ላይ ምን ልማድ እንደተወ መጠየቅ ነው። በሰው ቤት ሦስት ዓመት ያገለገለች ሴት ካልታዘዘች አትቀመጥም። ስለዚህ ሰላም ገብታ በሩ አጠገብ ትቆማለች። በእናቷ ቤት፣ ባደገችበት ሳሎን፣ ፈቃድ ትጠብቃለች። አሁን «ቁጭ በይ» የሚለው ተራ ንግግር የትዕይንቱ ከባዱ ቃል ሆነ። ደራሲው ጽፎታል፤ ክብደቱን ግን አላወቀውም ነበር።

ቀጥሎ ደግሞ ውሸት የሚሸት ነገር ይታደናል። እዚህ ግማሽ ገጽ ላይ ትልቅ ውሸት አለ፤ ሐበሻ የሆነ ሁሉ ያየዋል። ልጇ ከሦስት ዓመት በኋላ በሩን ከፍታ ስትገባ «መጣሽ?» ብላ ምጣዷን የምትነቀንቅ እናት የት ነው ያለችው? እናት ትነሣለች፣ ታቅፋለች፣ እልል ትላለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ጀማሪ ዳይሬክተር ይህን ሲያይ ወዲያው መተቃቀፍ ይጨምርበታል። እኔ ግን ከመጨመሬ በፊት እጠይቃለሁ፦ እናትየዋ የማይነሡበት ምክንያት ቢኖርስ?

ምክንያቱን እዚያው ወረቀቱ ላይ አገኘሁት። ወይዘሮ ዘነቡ በማታ፣ ለብቻቸው፣ ቡና እየቆሉ ነው። ቡና ለብቻ ይጠጣል እንዴ? ሰው በሌለበት ምጣድ የሚጥድ ማን ነው? እንግዳ እየጠበቁ ነው ማለት ነው። ልጅቷ እንደምትመጣ ያውቃሉ፤ የሆነ ሰው ነግሯቸዋል። ይህን ካወቅን «ሳትደውዪ?» ጥያቄ መሆኑ ይቀርና ፈተና ይሆናል። «ስልኬ ተበላሽቶ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ እናት ውሸት መሆኑን እያወቀች የምትሰማው ውሸት ነው። አምስት መስመር ንግግር፣ አንዲት ፊደል ሳይለወጥ፣ ሌላ ትዕይንት ሆነ።

እርግጥ ይህን ዳይሬክተሩ ብቻውን አይወስንም። እናትየዋ ካወቁ፣ ማን ነገራቸው? ትዕይንት 9 ላይ ስልክ ያነሣችው ጎረቤት ትሆን? አንድ ክር ሲሳብ ሌላ ቦታ ይተረተራል። ስለዚህ ከደራሲው ጋር መቀመጥ አለ። ደራሲውን ሳያማክር ቀረፃ ላይ ንግግር የሚለውጥ ዳይሬክተር ትዕይንት 14ን አሳምሮ ትዕይንት 40ን ሊገድል ይችላል።

ይህ ሁሉ ማስታወሻ የት ይቀመጣል? በዚህ ረገድ በጣም የታወቀው ምሳሌ የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለወጣው «ጎድፋዘር» ፊልም ሲዘጋጅ የማሪዮ ፑዞን ልቦለድ ገጽ በገጽ ገንጥሎ ትልቅ ማኅደር ውስጥ በሌላ ወረቀት ላይ ለጠፈው፤ ዳርና ዳሩ ለማስታወሻ ሰፊ ባዶ ቦታ ሆነለት። ለየትዕይንቱም አምስት ነገር ጻፈ፦ ምን እንደሚሆን በአጭሩ፣ ዘመኑ፣ ምስሉና ድባቡ፣ እምብርቱ፣ በመጨረሻም ወጥመዱ። ቀረፃ ላይ ከስክሪፕቱ ይልቅ ይህን ማኅደር ይዞ ይዞር እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

ከአምስቱ እኔ በጣም የምወደው የመጨረሻውን ነው። ወጥመድ ማለት «ይህ ትዕይንት የሚበላሸው በምን በኩል ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። የ14ን ወጥመድ ልጻፍ ብል እጄ አያመነታም፦ ልቅሶ። ክራር ከበስተጀርባ፣ እንባ በክሎዝ አፕ (ፊቷን ብቻ በሚሞላ ቅርብ ምስል)፣ «እማዬ!» የሚል ጩኸት። እምብርቱስ? ሁለት ሰዎች አንድ ነገር እያወቁ እንደማያውቁ ሆነው ቡና ይጠጣሉ። እምብርቱ ይህ ከሆነ «ሰላም ታለቅሳለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጠላት ነው። ሠርዤዋለሁ፤ ቆይቶ ግን በሌላ በር ይመለሳል።

ለተዋናዮች የሚዘጋጀው ማስታወሻም ከዚህ ነው የሚወጣው። ተዋናይን «እዘኚ» ማለት አይሠራም። ሐዘን በትእዛዝ አይመጣም፤ ቢመጣም የሐዘን መልክ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ከየንግግሩ አጠገብ ሊደረግ የሚችል ግሥ ይጽፋል። «ሳትደውዪ?» ከሚለው አጠገብ፦ አውጣጪ። «ስልኬ ተበላሽቶ ነው» አጠገብ፦ በሩን ዝጊ። «ቁጭ በይ» አጠገብ፦ ማሪ። ይህ መንገድ ከሩሲያዊው የትያትር ሰው ከስታኒስላቭስኪ ትምህርት የመጣ ነው፤ ገፀ ባሕርይዋ ምን ተሰማት ከማለት ምን ፈለገች ብሎ መጀመር።

ስሜቱ ይቆየንና ወደ ኪሎና ወደ ሰዓት እንምጣ።

ብሬክዳውን የሚባለው ሥራ ስክሪፕቱን በየዕቃው መበታተን ነው። ዳይሬክተሩና ረዳቱ እያንዳንዱን ትዕይንት እያነበቡ ለተዋናይ አንድ ቀለም፣ ለዕቃ ሌላ፣ ለልብስ ሌላ፣ ለድምፅ ሌላ እየለወጡ ያሰምራሉ። የገጽ ርዝመት የሚለካው በስምንተኛ ነው፤ አንድ ገጽ ስምንት ስምንተኛ ነው፣ የኛ ትዕይንት አራት ስምንተኛ። ቀላል ይመስላል። አሁን «ዘነቡ ቡና እየቆሉ ነው» የሚለውን እንበትነው፦ ከሰል ምድጃ፣ ፍም፣ ምጣድ፣ ጀበና፣ ረከቦት፣ ሲኒ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ዕጣን፣ ማጨሻ፣ ቄጠማ። ዋናው ግን ቡናው ራሱ ነው፤ ቡና ሲቆላ ቀለሙን ይለውጣል። አንዱ ቴክ (አንዱ የቀረፃ ሙከራ) ላይ አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ላይ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር። ትዕይንቱ ሲቆራረጥና ሲገጣጠም እናትየዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቡና የለወጡ ይመስላሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቴክ አዲስ ጥሬ ቡና ያስፈልጋል። ጢሱም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ቴክ ላይ ጥርት ያለ ሳሎን ስድስተኛው ላይ ጉም የለበሰ ይሆናል።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። በረዳትነት በሠራሁበት አንድ ፊልም የተገዛው ጥሬ ቡና ግማሽ ኪሎ ነበር። አራተኛው ቴክ ላይ አለቀ። ሱቅ የተላከው ልጅ ከአርባ ደቂቃ በኋላ እየሮጠ መጣ፤ የያዘው ተቆልቶ የተፈጨ ቡና ነው። ማንም አልሳቀም። ብሬክዳውኑን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ «ቡና» ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ጥሬ ይሁን የተፈጨ፣ ስንት ኪሎ ይሁን አላልኩም።

ብሬክዳውን ዕቃ ብቻ አይደለም የሚገልጠው። «ሻንጣ ይዛ» ይላል ስክሪፕቱ። ዕቃ ክፍሉ «ምን ዓይነት ሻንጣ?» ብሎ ሲጠይቅ ዳይሬክተሩ ታሪኩን ነው የሚጠየቀው። ትልቅ አዲስ ሻንጣ ከሆነ ሥራዋን ጨርሳ፣ ስጦታ ገዝታ የመጣች ናት። አንዲት ፌስታል ከሆነ ደግሞ አምልጣ ነው የመጣችው፤ አንድም ቃል ሳይነገር። ፌስታል ይሁን።

ከዚያ አገርኛው ቀን መቁጠሪያ ይመጣል። ምግብ ያለበት ትዕይንት ሲኖር ረዳት ዳይሬክተሩ የጾሙን ቀን ማየት አለበት። ዶሮ ወጥ የሚቀርብበት ትዕይንት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢወድቅ፣ ወይም 55 ቀን በሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ውስጥ ቢገባ፣ ጿሚዋ ተዋናይ አትቀምስም፤ መብቷም ነው። የኛ ትዕይንት ቡና ስለሆነ ተርፈናል፣ ፈንዲሻውም የጾም ነው። ድምፅ ሌላው ነው። የወይዘሮ ዘነቡ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ካለው ሐምሌና ነሐሴ አይታሰብም፤ ዝናቡ ንግግሩን ይውጠዋል። ትዕይንቱ የቤት ውስጥ ስለሆነ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርዶ በቀን «ማታ»ን መቅረጽ ይቻላል፤ ቀን ላይ ግን የሰፈሩ ጫጫታ አለ። አንዱን መርጦ ሌላውን መቀበል ነው።

ስለ ርዝመት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ሆሊውድ ውስጥ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚል የቆየ ሒሳብ አለ። ያ ሒሳብ የተሠራው ኩሪየር በሚባል የፊደል ቅርጽ፣ በ12 መጠን፣ በተወሰነ ኅዳግ ለሚጻፍ ስክሪፕት ነው። የኛ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚሸከም ገጹ ላይ ብዙ ንግግር ሊታጨቅ ይችላል። ስለዚህ ሒሳቡን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል፤ የሰዓት ቆጣሪ ይዞ፣ ዝምታውንም ጨምሮ፣ ትዕይንቱን በቃል መጫወት ይሻላል። «ቡና ይጠጣሉ» ሁለት ቃል ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሲጠጣ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የትኛውን ሲኒ ነው የምናሳየው? እኔ ብሆን ከመቁላቱ በቀጥታ ወደ በረካ እዘላለሁ። ቡናው ቀጥኗል፣ የሚባል ነገር አልቋል፣ የሚፈራው ጥያቄ ግን አሁንም አልተጠየቀም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር፣ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረፅም። የወይዘሮ ዘነቡ ሳሎን በስክሪፕቱ ውስጥ ሰባት ጊዜ ከመጣ፣ ሰባቱም በተከታታይ ቀናት ይቀረፃሉ። ሰላም ጠዋት የታሪኩን መጨረሻ፣ ከሰዓት መጀመሪያውን ልትጫወት ትችላለች። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ አሥራ ሁለት የጁሪ አባላት (ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ስለሚወስኑ ተራ ዜጎች) የሠራው ፊልም ከሞላ ጎደል በአንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያልቀው። መብራቱ ለአንድ ወንበር ሲዘጋጅ ከዚያ ወንበር የሚነገረው ሁሉ፣ የፊልሙ መጀመሪያም ይሁን መጨረሻ፣ አንድ ላይ ይቀረፅ ነበር። አንዱ ሰው የተናደደበት ንግግር እና የመለሰለት ሰው ቁጣ በተለያየ ቀን የተቀረፀ ሊሆን ይችላል። ይህ የተቻለው አስቀድሞ ሁለት ሳምንት ልምምድ ስላደረጉና ሉሜት የትኛው ንግግር ላይ የቁጣው ሙቀት ስንት እንደደረሰ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለነበረ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ዳይሬክተሮች የየገፀ ባሕርዩን ጉዞ በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ በትዕይንት ቁጥር የሚሥሉት። ሰላም በትዕይንት 14 ምን ታውቃለች፣ ምን ደብቃለች፣ ስንት ቀን አልተኛችም።

የሉሜት ዝግጅት በካሜራም ይታያል። የፊልሙን የመጀመሪያ ሲሶ ከዓይን ከፍታ በላይ፣ መካከለኛውን ሲሶ በዓይን ልክ፣ የመጨረሻውን ሲሶ ከዓይን በታች ሆኖ ቀረፀው። ሌንሱንም ቀስ በቀስ ሩቁን ወደሚያቀርብ ረጅም ሌንስ እየለወጠ ስለሄደ ግድግዳው ሰዎቹ ላይ የተጠጋባቸው ይመስላል፤ በመጨረሻ ጣሪያው ራሱ ይታያል። ተመልካቹ ይህን አያይም፤ ይታፈናል እንጂ።

ሾት ማለት ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያነሣው አንድ ምስል ነው፤ ሾት ሊስት ማለት ደግሞ እንዲህ ያለው ሐሳብ ወደ ሾቶች ዝርዝር ሲወርድ ነው። ዳይሬክተሩ ከካሜራ ባለሙያው ጋር ቤቱን ሄዶ አይቶ፣ ወለሉን ከላይ እንደሚታይ በወረቀት ሥሎ፣ በርጩማው የት፣ በሩ የት፣ ካሜራው የት ይሁን ይላል። በኛ ትዕይንት አንድ የተሰጠ ነገር አለ፦ ቡና የምታፈላ ሴት ዝቅ ብላ ነው የምትቀመጠው። ሰላም ቆማለች። ስለዚህ ካሜራውን በእናትየዋ በርጩማ ቁመት አስቀምጬ፣ ሰላም እስክትቀመጥ ድረስ ከዚያ ከፍታ አላነሣውም። ቆማ ሳለች ፊቷ ከፍሬሙ ጫፍ ሊያመልጥ ይደርሳል፣ ጎልቶ የሚታየው ፌስታሉን የያዘው እጇ ነው። «ቁጭ በይ» ሲባል ወደ ካሜራው፣ ወደ እናቷም ቁመት ትወርዳለች። ዝርዝሩ አራት ሾት ሆነ፤ እጅና ምጣድ ቅርብ፣ በሩ ከበርጩማ ቁመት፣ የእናትየዋ ፊት፣ በመጨረሻ ሁለቱ አብረው በሰፊው። ሥዕል የሚችል እያንዳንዱን ሾት በሥዕል ይሥለዋል፤ ስቶሪቦርድ የሚባለው ይህ ነው። ለእንዲህ ያለ ትዕይንት የግድ አይደለም፤ የመኪና ግጭት ወይም የድብድብ ትዕይንት ቢሆን ግን ያለ ሥዕል አልሞክረውም።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ላላቸው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ገንዘብ ያለው ቀን ይጨምራል፣ የሌለው መዘጋጀት ነው ያለው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ሙያተኛ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን ይዞ የቀረፀው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚደርስ ፊልም ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቆሞ «አሁን ምን እናድርግ?» የሚባልበት ጊዜ አይገኝም።

የመጨረሻው ፈተና የንባብ ልምምድ ነው። ተዋናዮቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲያነቡ ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሳይሆን እነሱን ያያል። አፍ ላይ የማይሄድ ንግግር፣ ከመጽሐፍ የተገለበጠ የሚመስል አማርኛ፣ እዚህ ይጋለጣል። ከዚህ በኋላ ስክሪፕቱ «ይቆለፋል»፤ የትዕይንት ቁጥር አይለወጥም፣ አዲስ ትዕይንት ከተጨመረ 14ሀ ይባላል፤ አለዚያ የልብሱ፣ የዕቃውና የፕሮግራሙ ወረቀት ሁሉ ይዛነፋል።

የኛ ትዕይንት ልምምድ ስለሌለው ለአንዲት ጎረቤቴ አነበብኩላቸው። ተዋናይ አይደሉም፤ ቡና ግን ያውቃሉ። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ታዲያ ጢሱንስ? ሳይወቀጥ በፊት ለመጣ ሰው ጢሱ አይቀርብም እንዴ?» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ የፈለግሁት እሱን ነበር። ስክሪፕቱ አሁን እንዲህ ነው፦

ትዕይንት 14። ውስጥ። የወይዘሮ ዘነቡ ሳሎን። ማታ።
ረከቦቱ ላይ ሁለት ሲኒ። ዘነቡ ለብቻቸው ቡና ይቆላሉ። በሩ ይንኳኳል። አይነሡም።
ዘነቡ፦ ክፍት ነው።
ሰላም ትገባለች። በእጇ አንድ ፌስታል። በሩ አጠገብ እንደቆመች ትቀራለች።
ዘነቡ፦ (ከምጣዱ ቀና ሳይሉ) ሳትደውዪ?
ሰላም፦ ስልኬ ተበላሽቶ ነው።
ዘነቡ ተነሥተው የሚጨሰውን ምጣድ ወደ እሷ ያቀርባሉ። ሰላም በመዳፏ ጢሱን ወደ ፊቷ ትስባለች። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ዓይኗ ያነባል።
ዘነቡ፦ ጢሱ ነው። ቁጭ በይ።

አራት የነበረው ሾት አምስት ሆኗል። ብሬክዳውኑ ላይም በቀይ አስተካክያለሁ፦ ጥሬ ቡና፣ ያልተቆላ፣ ሦስት ኪሎ።